ልጆቹን የዋጠው አባት እና ሌሎች የካርቱን ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጅ ቤት ይውላል፣ ስልኩም ከወላጅ እጅ ወደ ልጅ እጅ ይሻገራል። ዘንድሮ ከድሬዳዋም ከሐረርም የመጡልን ደብዳቤዎች አንድ ነገር ላይ ገጠሙ፦ የጥንት ግሪኮች ተረት በካርቱን ለሕፃናት ሲቀርብ። አንዷ ፈርታ ጽፋለች፣ አንዱ ተናዶ ጽፏል፣ አንዱ ደግሞ የሌላውን ማየት ሰልችቶት ራሱ ሊሠራው ተነስቷል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዣዥሞቹንም አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ዩቲዩብ ላይ ካርቱን ስታይ ቆይታ ማታ «አባዬ እኔንም ይበላኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ስፈልገው የግሪክ ተረት ነው፤ አንድ ንጉሥ የገዛ ልጆቹን አንድ በአንድ ይውጣል። አሁን አባቷ ሊስማት ሲጠጋ ትሸሻለች። እሱ ደግሞ ይስቃል፣ «ነይ ልብላሽ» እያለ ያባብሰዋል። ተረቱን እስከ መጨረሻው ላሳያት ወይስ ጭራሽ ካርቱን ልከልክላት? — የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባልሽን አስቁሚው። «ልብላሽ» ማለት በኛ አገር ፍቅር ነው፣ ሁላችንም ስንበላ ነው ያደግነው፣ ለጥቂት ሳምንት ግን ይቅርበት። ልጅቷ አባቷን አልጠላችም። አባት ልጁን ሊውጥ እንደሚችል በዓይኗ አይታለች፤ እሱ ደግሞ በየማታው «አዎ፣ ልክ ነሽ» እያለ የሚያረጋግጥላት ይመስላታል።

ተረቱን ልንገርሽ፣ ግማሹን ብቻ ያየች ስለሚመስለኝ። አባትየው ክሮኖስ ይባላል። ከልጆችህ አንዱ ዙፋንህን ይነጥቅሃል ተብሎ ስለተነገረው ሚስቱ ሪያ የወለደችለትን አምስት ልጆች ገና እንደተወለዱ ዋጣቸው። ስድስተኛው ዜውስ ነው። እናትየው እሱን ቀርጤስ ደሴት ላይ ደበቀችና በምትኩ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ክሮኖስ ገልጦ እንኳ ሳያይ ጎረሰው። ዜውስ ካደገ በኋላ አባትየው የዋጣቸውን ሁሉ ተፋ። መጀመሪያ ድንጋዩ ወጣ፣ ከዚያ ልጆቹ። ሄሲዮድ የሚባለው ገጣሚ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት ገደማ ላይ ጽፎታል። ለአዋቂ ትልቅ ተረት ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ያወራል፤ የኛ ሰው ሲሰማው ማን ትዝ እንደሚለው እኔ ምን አገባኝ።

ለአምስት ዓመት ልጅ ግን አይሆንም። ደም ስላለበት እንዳይመስልሽ፤ ካርቱን ላይ ደሙን ማጥፋት ቀላል ነው። የግሪክን ተረት ለትንንሽ ልጆች የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ምን እንቁረጥ፣ ምን እናለስልስ ብለው ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ክፉው ነገር ሲወጣ ተረቱ ይቆማል ወይ? ክሮኖስ ልጆቹን ካልዋጠ ምን ቀረ? ምንም። መዋጡን በደማቅ ቀለምና በሚያስቅ ሙዚቃ ብታጅቢውም ያው አባት ልጁን እየዋጠ ነው፤ እንዲያውም ሙዚቃው ነገሩን ያምታታባታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ማለስለስ አያስፈልግም፣ ማቆየት ነው። 2,700 ዓመት የቆየ ተረት ሌላ አምስት ዓመት ቢጨምር አይበላሽም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ቪዲዮውን አትቀጥዪላት። መጨረሻውን ግን በአፍሽ ንገሪያት፣ ምክንያቱም እሷ ጋ ያሉት ልጆች አሁንም ሆድ ውስጥ ናቸው። «ሁሉም ወጡ፣ አንድም የጎደለ የለም» በያት። ማታ ሲመጣባት ደግሞ «ውሸት ነው፣ የለም» እያልሽ ማስረዳቱ ብዙም አይረዳሽም። በዚህ ዕድሜ ፍርሃትን ከማብራሪያ ይልቅ አንድ የሚሠራ ነገር ነው የሚያባርረው፦ መታቀፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ መብራት ማብራት። ቀን ላይ ወረቀትና ከለር ስጫትና ክሮኖስን ትሳለው። ሆዱ ላይ በር ትሥራለት፣ ቁልፉን እሷ ትያዝ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ታስወጣ። አባቷም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሳል። እሱን ሥራ ማስያዝሽ በራሱ ጥሩ ነው።

ካርቱን ጭራሽ መከልከል አያስፈልግም። ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተውን ነገር ግን ዛሬውኑ አጥፊው። እኔ እንደምገምተው ልጅሽ ክሮኖስን አልመረጠችውም፤ ስለ ጥንቸል እያየች ነው የደረሰባት።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው፣ ግራፊክስ እሠራለሁ። የግሪክ ተረቶችን በአማርኛ ለሕፃናት በአኒሜሽን መሥራት ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው የሚኖታውር ታሪክ ነው፣ ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆነው አውሬ። መውጫው የሚጠፋውን ግንብ ጀጎል አድርጌዋለሁ፣ ጭራቁን ደግሞ ጅብ። ጓደኞቼ ወደውታል። ችግሩ ሦስት ደቂቃ ለመሥራት ወራት እየፈጀብኝ ነው፣ ተስፋ ልቆርጥ ነው። ምን ትሉኛላችሁ? — ከሐረር

መልስ፦ አቦ፣ ጅቡን ተወው! ሐረር ላይ ጅብ እንዴት ጭራቅ ይሆናል? ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሰው በእጁ ሥጋ በሚያጎርሰው ከተማ፣ በአሹራ ገንፎ በሚቀርብለት ከተማ፣ ግንቡ ላይ እንኳ መሹለኪያ ቀዳዳ በተተወለት ከተማ! የጎረቤትህ ልጅ ይስቅብሃል። የአዲስ አበባ ልጅ ቢፈራልህ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ያገርህን ጅብ ስም አጠፋህ ማለት ነው።

ጀጎልንም ጀጎል ብለህ አትጥራው። ይሄ ታሪክ አድራሻ አለው። ንጉሥ ሚኖስ የቀርጤስ ነው፤ ሰባት ወንዶችና ሰባት ሴቶች ልጆች በግብር የሚላኩት ከአቴና ነው፤ ግንቡን የሠራው ዳይዳሎስ፣ ገብቶ አውሬውን የገጠመው ቴሴዎስ፣ መውጫውን እንዲያገኝ ክር የሰጠችው የንጉሡ ልጅ አርያድኒ። ይህን ሁሉ ነቅለህ ሐረር ብትተክለው ልጁ ግሪክንም አያውቅ፣ ሐረርንም አያውቅ። ከጀጎል መውሰድ ያለብህ የምታየውን ነው። ጠባቡ መንገድ ላይ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ግድግዳው ሲታጠፍ ከፊት ያለው ሰው እንዴት እንደሚሰወር፣ ከሰውየው በፊት ጥላውና የጫማው ድምፅ እንዴት እንደሚደርስ አንተ ከሌላው ሠዓሊ በተሻለ ታውቀዋለህ። ያንን ለቀርጤሱ ግንብ ስጠው።

አሁን ለሳቢያኗ እናት ያልኩትን ጥያቄ እዚህም እናንሳ። ክፉው ሲወጣ ይቆማል? ይሄ ይቆማል። አውሬው እንዴት እንደተወለደ የሚያወራው ክፍል ለልጅ የሚሆን አይደለም፣ አውጣው፣ ማንም አይፈልገውም። ውጊያውን በጥላ አሳየው። ቴሴዎስ በመጨረሻ አርያድኒን ናክሶስ ደሴት ላይ ጥሏት መሄዱን፣ የመርከቡን ጥቁር ሸራ ሳይቀይር በመቅረቱ አባቱ ልጄ ሞተ ብሎ ራሱን ባሕር ውስጥ መወርወሩን ተወው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ታሪኩ ክሩ ነው። ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ክር ይዟል፣ በክሩ ወጣ። ብርሃኑ ላይ ሲደርስ ቁረጠው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ አውሬውን በመጨረሻ ጓደኛ አድርገህ ኬክ እንዳታበላው። ልጅ መፍራት ይችላል፣ ፈርቶ መውጣትም ደስ ይለዋል።

ሁለተኛውን ታሪክ ኢካሩስን አድርገው ብዬ ልመክርህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን ነውና። ዳይዳሎስ ከዚያው ከቀርጤስ ለማምለጥ ከላባና ከሰም ክንፍ ሠራ፣ ለራሱና ለልጁ። ዝቅ ብለህ አትብረር ባሕሩ ላባውን ያረጥበዋል፣ ከፍ ብለህም አትብረር ፀሐይ ሰሙን ያቀልጠዋል አለው። ልጁ ከፍ አለ፣ ሰሙ ቀለጠ፣ ወደቀ። እዚህ ላይ ፓራሹት የሚያመጡ፣ ዶልፊን የሚልኩ አሉ። ኢካሩስ ካልወደቀ ግን የአባትየው ምክር ወሬ ሆኖ ቀረ። መውደቅ አለበት። ታዲያ ለሕፃን እንዴት ይታያል ካልክ መልሱ የጥንቱ ግጥም ውስጥ አለ። ሮማዊው ኦቪድ ሲተርከው አባትየው ልጁን እየጠራ ይዞርና ማዕበሉ ላይ ላባዎቹን ያያል። አካል አይታይም፣ ላባ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፣ ለካርቱን የተጻፈ ይመስላል እኮ! ከዚያ ካርታ አሳይ። በግሪክና በቱርክ መካከል ካለው ባሕር አንዱ ክፍል እስከ ዛሬ በልጁ ስም ይጠራል፣ ኢካሪያ የሚባል ደሴትም አለ። ትንሽ ልጅ «እውነት ቦታው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ያዘነው ልቡ ሌላ ነገር ያገኛል።

ቀላል የምትፈልግ ከሆነ የፍርግያው ንጉሥ ሚዳስ አለልህ። የነካው ሁሉ ወርቅ ሲሆን ዳቦውም ወርቅ፣ ውሃውም ወርቅ ሆነበትና ተርቦ ለመነ፤ ፓክቶሎስ ወንዝ ታጠብ ተባለ፣ ታጠበ፣ ዳነ። የሚሞት የለም፣ ልጆችም ይስቃሉ። ወርቅ ሆና የምትደርቀውን ትንሽ ሴት ልጁን ግን ብትተዋት ተረቱን አጎደልክ አትባልም። እሷን የጨመራት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ አንድ አሜሪካዊ ደራሲ ነው፣ የጥንቶቹ አያውቋትም። እኔ ብሆን እተዋታለሁ። የዳቦው ይበቃል።

ስለ ወራቱ። ሒሳቡን አስላው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያሳየህ ብታብቃቃ እንኳ በሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል፣ ለሦስት ደቂቃ 2,160 ሥዕል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ወራት ቢፈጅበት ምን ይገርማል? ሰነፍ አይደለህም። መንገዱን ቀይር እንጂ። ሎተ ራይኒገር የምትባል ጀርመናዊት ከጥቁር ወረቀት የተቆረጡ ምስሎችን፣ መገጣጠሚያቸው የሚታጠፍ፣ ከሥራቸው ብርሃን እያበራች ከላይ በካሜራ ፍሬም በፍሬም እያነሳች ሙሉ ፊልም ሠርታ በፈረንጆች 1926 አሳይታለች። ዛሬ ስልክና መስታወት ይበቃሃል። አንዴ የቆረጥከውን ቴሴዎስ ደጋግመህ ታንቀሳቅሰዋለህ፣ አዲስ አትስልም። በኮምፒዩተርም ያው ነው፤ ብሌንደርና ኦፕንቱንዝ የሚባሉ የአኒሜሽን ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፣ እጅና እግሩን እየቆራረጥክ አንዱን ምስል ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ጥላ ደግሞ ለግንቡ ታሪክ የተመቸ ነው።

ድምፁን ከሥዕሉ በፊት ቅዳ። ሥዕሉ ድምፁን ይከተል፣ አለበለዚያ ተራኪው እየሮጠ ነው የሚያነበው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የባጃጅ ጡሩምባ እየገባ የተቀዳ ተረት ማንም አይሰማውም፤ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተህ ቅዳ፣ ላቡን ቻለው። ተራኪ ስትመርጥ የማስታወቂያ ድምፅ ያለውን ሰው አትፈልግ፤ ሰፈርህ ውስጥ ተረት የሚያውቁ እናት አይጠፉም። ጽሑፍ ደግሞ ሥዕሉ ላይ አታስገባ። ድምፁ ለብቻው ከሆነ ያንኑ ሥራ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ታወጣዋለህ፤ እኛ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ አራቱንም የሚሰሙ ልጆች አሉ።

አንድ የማያስደስት ነገር ልጨምር። ዩቲዩብ ከፈረንጆች 2020 መጀመሪያ ጀምሮ ለሕፃናት ተብሎ በተመዘገበ ቪዲዮ ላይ አስተያየት ይዘጋል፣ ተመልካቹን እየተከተለ የሚመጣውን ማስታወቂያም አያሳይም። ገቢው በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ ብቻ እንጀራ እበላለሁ ብለህ ሥራህን እንዳትለቅ።

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። ቤታችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ የድሬ ነገር ታውቁታላችሁ። የልጅ ልጆቼ «ዜውስ መብረቅ ይወረውራል፣ የሰማይ አምላክ ነው» ሲባባሉ ሰማሁና ከፋኝ። ይሄ ጣዖት አይደለም ወይ? እኛ አንድ ፈጣሪ ብለን አሳድገናቸው ካርቱን አሥራ ሁለት ያመጣብናል? — ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ አባቴ፣ መቆጣትዎ አይገርመኝም፣ ቢሆንም ስልኩን አይንጠቋቸው። አጠገባቸው ቁጭ ይበሉና አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት፦ «ድሮ ድሮ የግሪክ ሰዎች መብረቅ ከየት እንደሚመጣ ሲቸግራቸው እንዲህ ብለው ያምኑ ነበር።» ይህችን ከአያት አፍ የሰማ ልጅ ዜውስን ከአያ ጅቦ ጋር ያስቀምጠዋል። አያ ጅቦ ይናገራል፣ ያታልላል፣ ልጁም ጅብ አማርኛ ይችላል ብሎ አያምንም።

ክርስቲያኖቹ የልጅ ልጆችዎ ትንሽ ከፍ ሲሉ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ያንብቡላቸው። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን ላይ አንድ ሽባ ሲፈውሱ ሕዝቡ አማልክት ወረዱልን ብሎ በርናባስን በዜውስ ስም፣ ጳውሎስን በዜውስ መልእክተኛ በሄርሜስ ስም ይጠራቸዋል፣ በሬም ሊያርድላቸው ይነሳል፤ እነሱም ልብሳቸውን ቀደው «እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን» ይላሉ። ዜውስ ማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይሄ ምንባብ አይገባውም። ለሙስሊሞቹ ደግሞ ኡስታዛቸውን ቢጠይቁ እመርጣለሁ፤ እኔ በዚህ ላይ የምናገረው የለኝም።

ጭራሽ አማልክት የሌሉበት ይሻለኛል ካሉ ከላይ ያነሳሁት ኢካሩስ አባት፣ ልጅና ፀሐይ ብቻ ነው። ለድሬ ቤት የሚስማማ የምለው ግን ሌላ አለ፣ የባውኪስና የፊሌሞን። ዜውስና ሄርሜስ እንደ ተራ መንገደኛ ሆነው አንድ አገር ይገባሉ። ደጅ ቢመቱ፣ ቢመቱ ሁሉም ይዘጋባቸዋል፤ ሁለት ድሃ ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ያስገቧቸዋል፣ እግራቸውን ያሳጥቧቸዋል፣ ያላቸውን ያቀርባሉ። የወይን ማሰሮው ቢቀዳ ቢቀዳ አልጎድል ሲል ነው እንግዶቹ ማን እንደሆኑ የገባቸው። ያለቻቸውን አንዲት ዝይ ሊያርዱ ሲያሯሩጧት ልጆች በሳቅ ይሞታሉ። እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ብሉ» በሚባልበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ማስረዳት አይፈልግም።

መጨረሻው ላይ ግን እንግዳ ያባረረው ያ ሁሉ አገር በጎርፍ ይሰጥማል። ይሄንን እኛ ከተማ ላይ አታንሱት እላለሁ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ ልጆቹ አልነበሩም፣ ቤታቸው ውስጥ ግን የነበረ ሰው አለ። ጎርፍ የክፉ ሰው ቅጣት ነው ብሎ ድሬ ላይ ለሕፃን መንገር ነውር ነው። ተረቱም ያለ ጎርፉ ደህና አድርጎ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ፣ ከዚራ። ልጆቹ ጋር ስለ ግሪኩ ጀግና ፐርሲየስ ካርቱን አየን። ተራኪው «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳ» ይላል፣ ሥዕሉ ላይ ያለችው ደግሞ ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ፈረንጅ ናት። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ኢትዮጵያዊ ከሆነች ለምን እኛን አትመስልም?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጁን ሳሚልኝ! መጀመሪያ ትክክል ነህ በይው። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፒያ ልጅ ናት ብለው የጻፉት ግሪኮቹ ራሳቸው ናቸው። ኦቪድ በአንድ ግጥሙ የአገሯ ቀለም ያላት ጠይም ይላታል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አድርገው ሳሏት፣ ካርቱን ሠሪዎቹም ከእነሱ ሳይቀዱ አይቀሩም። እንግዲህ ልጆቹ ወረቀት አውጥተው እንደፈለጉ ይሳሏት፣ ጠይም፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሹሩባ የተሠራች።

ለራስሽ ግን አንድ ነገር ያዢ። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሩቅ አገር ሁሉ በጅምላ ነበር የሚጠሩት፣ የዛሬዋን ካርታ አላዩም። አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዓለት ደግሞ ኢዮጴ ነው፣ ያ ዛሬ ጃፋ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው ያሉ ጥንታውያን አሉ። ስለዚህ «ልዕልታችን ነበረች» ብለሽ ሰንደቅ ዓላማ አታውለብልቢባቸው። ጥንታዊው ገጣሚ ሆሜር ዘንድ ዜውስ ኢትዮጵያውያን ጋ ለግብዣ ሄዶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይመለሳል፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶንም ለድግስ እነሱ ጋ ይሄዳል፤ እነዚያን ደጎች ማድነቅ ይበቃል።

ደግሞ ታሪኩ ራሱ ለመዋዕለ ሕፃናት ይከብዳል፣ እውነቱን ልንገርሽ። እናት በቁንጅናዬ ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ስለፎከረች ልጅቷ ለባሕር አውሬ ትታሰራለች፣ ፐርሲየስ ነው የሚያድናት። ሲቆረጥ የሚቆም አይደለም፣ መታሰሯ ነው ታሪኩ። ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጆች አቆዪው። ለትንንሾቹ ኮከቦቹን አሳያቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ምሽት ላይ ወደ ሰሜን ሲያዩ አምስት ኮከቦች ተሰብሮ ተሰብሮ በሚሄድ መስመር ተደርድረዋል፤ እናትየው ካሲዮፒያ ናት። አንድሮሜዳ ከእሷ ብዙም ሳትርቅ አለች፣ አባቷና ፐርሲየስም እዚያው ናቸው። ለወላጆች የቤት ሥራ አድርገሽ ስጪው፣ ቤተሰብ ግቢ ወጥቶ አንገቱን ያቅና።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ካርቱን ይይ? የኔ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፣ ቢያንስ ትምህርታዊ ነው። — ከድሬዳዋ

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስም ጥሩ ነው ይላል። ከሁለት በታች ላለ ደግሞ ጭራሽ ባይሆን። ትምህርታዊ ቢሆንም ያው ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ከስክሪን የሚይዘው አጠገቡ ካለ ሰው ከሚይዘው ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ያችን አንድ ሰዓት አብረኸው እይ።

ጥያቄ፦ የራሳችን ተረት እያለ የግሪክ ምን ይሠራልናል? እነ አባባ ተስፋዬ ያሳደጉን ሰዎች ነን። ይሄ የፈረንጅ አምልኮ ነው፣ መጽሔታችሁም አፈረበት። — ከሐረር

መልስ፦ መጽሔታችን አላፈረም፣ አያፍርምም። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ልጆችን አሰልፈው ተረት ሲነግሩ ስንት ትውልድ አድጓል፤ ያንን እኔም በደንብ አውቀዋለሁ። እሳቸው ያስተማሩን ግን ተረትን እንዴት እንደሚነግሩት ነው። የማን ተረት እንዳይነገር አልነገሩንም። ደግሞ ለድሬና ለሐረር ሰው ግሪክ ምኑ ነው ሩቅ? ባቡሩ በ1902 በፈረንጆች አቆጣጠር ድሬ ሲደርስ ከተከተሉት መካከል ሱቅ የከፈቱ ግሪኮች ነበሩ፣ አያቶቻችን ዱቤ የወሰዱት ከእነሱም ጭምር ነው። ዱቤያቸውን ወስደን ተረታቸውን እንቢ እንላለን?

ቁጣዎ ውስጥ ያለውን እውነት ግን አልክድም። ክሮኖስን በሃያ ዓይነት ካርቱን ማግኘት ይቻላል፣ የአያ ጅቦንና የእመት ጦጣን ደህና አኒሜሽን ፈልጎ ማግኘት ያታክታል። ጥፋቱ ግን የግሪኮቹ አይደለም፣ እኛ አልሠራነውም። ስለዚህ የሚከተለውን ያድርጉ። ቤትዎ ውስጥ ተረት የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ ስልክዎን አፋቸው አጠገብ አድርገው ይቅዱ፣ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚል ልጅም ይኑር፣ አለበለዚያ አይሞቅም። ቅጂውን ለዝግጅት ክፍላችን ይላኩ። ጀጎል ውስጥ ጥቁር ወረቀት እየቆረጠ ተራኪ የሚፈልግ ልጅ አለን፣ እናገናኛችኋለን።